የመንግሥት ንብረት አይረገጥም
እኔን የመሰለ ጠንቃቃ ሰው አይግጠማችሁ። እዚህ ሰፈራችን ሽኩና ቫቭ ውስጥ መኪና ሁለቴ ከብስክሌቴ ጥሎኛል፤ የብስክሌት መንገድ ይሠራልን ብዬ ዒሪያ፣ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ድረስ ሄጄ የለመንኩትም እኔው ነኝ። አንድ ቀን ጠዋት ለሥራ ስወጣ፣ ብስክሌተኞች በምናልፍበት ጥግ ቀጭን ጥቁር የጎማ ቱቦ ተዘርግቷል። የመብራት መስመር መሰለኝ። የመንግሥት ንብረት እንዴት ይረገጣል? ወርጄ ብስክሌቴን ተሸክሜ ተሻገርኩ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ። ከእኔ ሌላ በዚያ ጥግ ብቸኛውን ብስክሌተኛ፣ ጎረቤቴን አባባ ተገኘንማ «ኧረ አባባ፣ እንዳይበጥሱት!» ብዬ ከነሽምግልናቸው ብስክሌታቸውን አሸክሜያቸዋለሁ።

በሳምንቱ ከዒሪያ የመጣች የእኛው አገር ልጅ፣ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለችውን ሣጥን ከፍታ ራሷን ስትነቀንቅ ደረስኩ። «ምነው ልጄ?» አልኳት። «ጋሼ፣ ይሄ ብስክሌት ሲረግጠው ይቆጥራል። ሳምንቱን ሙሉ ኤፌስ! አንድም የለም። የሚነዳ ከሌለ መንገዱን ለማን ይሠሩታል?» ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጉዴን ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀችና «በቃ፣ አንድ ሳምንት ልጨምርለት። እስቲ አሁን ይለፉበት» አለች። ብስክሌቴ ላይ ወጥቼ በኩራት ገሰገስኩ። ቱቦው ጋ ስደርስ እጄ ሳላዘው ፍሬን ያዘ፤ ወርጄ ተሸከምኩት።