ለጀልባ መሳፈሪያው የተመረጠው ብረት
ምህንድስና ተምሬ የሠራሁትን የድልድይ ንድፍ አለቃዬ የራሱን ስም ጽፎ አቀረበው። ተጣልቼ ወጣሁና ቃሊቲ ብረት መበየድ ጀመርኩ፤ ንዴቱ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በቀደም አንድ ሐጂ መጡ። የጭነት መኪኖች አሏቸው፤ አሁን ደግሞ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሎጅ ከፍተው ለጀልባ መሳፈሪያው መደገፊያ ብረት ይፈልጋሉ። ከናሙናዎቹ መሀል ለግቢ አጥር የምንሠራውን፣ ጫፉ እንደ ጦር የሾለውን መረጡ።

«ሐጂ፣ ሌባው እየዋኘ ነው የሚመጣው?» አልኳቸው።

«ያምራል አልኩህ።»

«እንግዲያው ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ይደገፉት።»

ክርናቸውን አሳርፈው ፈገግ ሊሉ ሲሉ ጦሩ ወጋቸው። «ወላሂ፣ ይሄስ እንግዳ ያባርራል» ብለው ክቡን ቱቦ መረጡ። ሊወጡ ሲሉ ዞር አሉና፣ «ስምህንም በትልቁ በይድበት» አሉኝ።

ከስንት ዓመት በኋላ ስሜን የሚፈልግ ሰው ተገኘ። «ለምን ሐጂ?» አልኳቸው፣ ምስጋናውን ከአፋቸው ልሰማ።

«ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ ማንን እንደምይዝ ልወቅ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ስሜን ግን እስከ አያቴ በየድኩት።