ባለ ሽጉጡ ልብስ ሰፊ

ትናንት አልቋል የተባለውን ኮቴን ለመውሰድ ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ስደርስ፣ ደጃፉ ላይ ከቆመ ወጣት ጋር ልንጋጭ ምንም አልቀረንም። ይቅርታ ተጠያይቀን ቀና ስንል ተዋወቅን። ወጣቱ የልብስ ሰፊው የእህት ልጅ ነው፤ ድሮ አስተምሬዋለሁ፣ ዛሬ በዓይን ሕክምና ቤት ይሠራል። ለመግባት መጥቶ መግባት እንዳቃተው፣ ደጁ ላይ ቆሞ ቃል ሲመርጥ እንደቆየ ፊቱ ይናገር ነበር።

«መምህር፣ እንኳን መጡ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የአጎቴ ዓይን እየጠፋ ነው። ሰሞኑን እኛ ቤት መጥተው በግራቸው የነበረውን ወንበር ገጭተው ጣሉት፤ በግራ በኩል የዘረጋሁላቸውን እጅም ሳይጨብጡ አለፉኝ። በሽታውን አውቀዋለሁ። አያምም፣ አያቀላም፤ ከዳር ከዳር እየበላ ወደ መሐል ይገባል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ቶሎ ከታከሙ ማትረፍ ይቻላል።»

«ታዲያ ምን ያቆምሃል? ግባና ንገራቸው እንጂ።»

«እሳቸውን ማን ደፍሮ ነግሯቸው ያውቃል?» አለና ቀኝ ወገቡን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

ነገሩ ገባኝ። ልብስ ሰፊው ሽጉጥ ታጣቂ ናቸው። ከዓመታት በፊት ሌቦች በሌሊት ሱቁን ሰብረው ገብተው ደብድበዋቸው ነበር፤ ፖሊስ በማግስቱ መጥቶ ጠያይቆ ሄደ፤ የተያዘ ሰው የለም፣ የተመለሰ ዕቃም የለም። ከዚያ ወዲህ ሽጉጥ ገዝተው ታጠቁ። በፍርሃት የታጠቁትን ውለው አድረው ወደዱት፤ ከወደዱት በኋላም ስለ እርሱ ከማውራት በቀር ሌላ ጨዋታ አጡ። በየሳምንቱ ፈታተው ይወለውሉታል፣ ዘይት ያጠጡታል፤ የሚያኖራቸው የስፌት መኪና ግን ዘይት ተነፍጎት እንደ በሽተኛ ያቃስታል።

አብረን ገባን። ክፍሉ ጠባብ ነው። መሐሉን የመቁረጫው ጠረጴዛ ይዞታል፤ ግድግዳው ላይ ገበራቸው ያልገባ ኮቶች ተሰቅለዋል፤ በስተኋላ በመጋረጃ የተከለለው የሚስትየዋ የልብስ መተኮሻ ነው። ሬዲዮው ስለ አዲሱ የጦር መሣሪያ ሕግ አትቶ መጨረሱ ነበር፦ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ማንም ሰው በገበያ፣ በመሥሪያ ቤትና በሱቅ ታጥቆ እንዳይገኝ፤ ፈቃድ የሌለውም መሣሪያውን በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ጣቢያ እንዲያስረክብ።

«ሰሙልኝ መምህር?» አሉ ልብስ ሰፊው፣ ሰላምታዬን ሳያስጨርሱኝ። «ሊያስፈቱኝ ነው። ሚስትህን አምጥተህ አስረክብ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።»

ከመጋረጃው ኋላ ካውያው ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ደግሞ ቀጠለ።

«ጋሼ፣ ሕጉ እኮ ለሁሉም...» አለ ወጣቱ።

«አንተ ዝም በል፤ አንተ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነህ» አሉት። «እስቲ ንገረኝ፤ ይህን ሕግ ያወጡት ሰዎች እንዴት ሆነው ነው የሚሄዱት? ፊት መኪና፣ ኋላ መኪና፣ ግራና ቀኝ ጠመንጃ። እኔ በአንዲት ሽጉጥ ሕዝብ አሸበርኩ፤ እነሱ በዚያ ሁሉ ብረት ሕዝብ ሊያረጋጉ ነው? ባዶ እጅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የተደበደበ ሰው ነው። ፖሊስ አትበለኝ። ፖሊስ የመጣው ደሜ ከደረቀ በኋላ ነው።»

ወጣቱ አጎቱን ለማጣጣል አልቸኮለም። ከቀድሞ ተማሪዬ ይህን በማየቴ ደስ አለኝ፤ የተማረ ሰው ሁሉ ይህን አያውቅምና።

«ይህን ሁሉ አልክድም» አለ። «የተደበደቡት እውነት ነው፤ የደረሰልዎት ሰው አለመኖሩም እውነት ነው። ባለሥልጣኖቹም ራሳቸው ሳይፈቱ እኛን ፍቱ ማለታቸው ነውር ነው። ግን ልጠይቅዎት፤ ከታጠቁ ወዲህ ምን ተለወጠ?»

«ክብር መጣ። ድሮ ደንበኛ ሁሉ ትከሻው ጠበበኝ፣ ሱሪው አጠረኝ እያለ ሲነዘንዘኝ ይውል ነበር፤ አሁን አንድ ሰው ልብስ መልሶ አምጥቶብኝ አያውቅም። ጎረቤቴም ቆሻሻውን ደጄ ላይ መድፋቱን ተወ። እዚህ ቤት ውስጥ እንኳ ጭቅጭቅ የሚባል ነገር ጠፋ። እንግዲህ አንዲት ጥይት ሳልተኩስ ነው ይህ ሁሉ።»

«ድሮ ያጠብቡ፣ ያሳጥሩ የነበሩት ጋሼ ዛሬ እንዴት መሳሳት ተዉ?»

«እጄ በሰለ፤ ዓይኔም ሰላ። ይህቺን ሽጉጥ ጨፍኜ ፈትቼ እገጥማታለሁ፤ ገልጬማ ዝንብ አታመልጠኝም። ሳላየው የሚጠጋኝ ሰው ከዚያ ሌሊት ወዲህ አልተፈጠረም።»

ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። ሚስትየዋ መጋረጃውን ገልጠው፣ በካልሲ እግራቸው ኮሽ ሳይሉ መጥተው፣ ከባላቸው በስተግራ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመዋል። የያዙት የእኔን ኮት ነው፤ አንደኛው እጅጌ ተፈትቶ ክሩ ተንጠልጥሏል። ባልየው አላዩአቸውም።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን ከመምህር ላይ ሳይነቅሉ ይንገሩኝ» አለ ወጣቱ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው አለ?»

«ይህ ደግሞ ምን ዓይነት የሕፃን ጥያቄ ነው? ሦስት ነን።»

«አራት ነን» አሉ ሚስትየዋ።

ልብስ ሰፊው እንደ ተወጋ ሰው ዘለው ዞሩ፤ ቀኝ እጃቸውም ወደ ወገባቸው ወረደ። ሚስታቸው መሆናቸውን ሲያዩ እጃቸውን መለሱ። ነገር ግን የት ደርሶ እንደተመለሰ ሁላችንም አይተናል፤ እሳቸውም አይተዋል። ታጣቂ ሁሉ መሣሪያዬ ጠላቴን ከወዳጄ ይለይልኛል ብሎ ያምናል። ብረት ግን አይለይም፤ የሚለየው ዓይን ነው፤ የእኒህ ሰው እጅ ደግሞ ከዓይናቸው መቅደም ከጀመረ ቆይቷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ የቆምሽው?» አሉ።

«ዝንቧ ካላመለጠችህ ጊዜ ጀምሮ።»

«ይህስ ኮት ምን ሆነ? ትናንት ጨርሼው የለም?»

«አንተማ ጨርሰኸዋል፤ እኔ ነኝ የፈታሁት፤ መልሶ መስፋቱ ትናንት አልደረሰልኝም። የግራ እጅጌው ዞሮ ነው የተሰፋው። የምትሰፋውን ሁሉ እፈታዋለሁ። አንተ ጠዋት ትሰፋለህ፤ ከሰዓት በኋላ ስትወጣ እኔ ፈትቼ እንደገና እሰፋለሁ። ደንበኛውም ያውቃል። አልቋል ብለህ ስትልክበት የሚመጣው በማግስቱ ነው።»

ልብስ ሰፊው ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎም ያውቃሉ መምህር?»

«አውቃለሁ» አልኩ።

በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ለጥቂት ጊዜ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ሲዳብሱ ቆዩና «አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ።

«ነግሬህ ነበር እኮ። አንድ ቀን ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ ብሎህ ስትበሳጭ፣ ዓይንህ ደክሟል፣ ሐኪም ይየው አልኩህ። ያንን ነገርህን ከወገብህ አውጥተህ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥክና፣ ምን አልሽ አልከኝ። እኔም ምንም አላልኩም አልኩህ። ከዚያ ወዲህ ክሩን አስቀድሜ መርፌዎቹ ላይ እያስገባሁ አስቀምጥልሃለሁ እንጂ የዓይንህን ነገር አንስቼብህ አላውቅም።»

«ወገቤን ቆርቁሮኝ ነው ያወጣሁት። አንቺን ላስፈራራ ብዬ እኮ አይደለም። እኔ አንቺ ላይ?»

«ለወገብህ ብለህ ይሆናል። እኔ ያየሁት ግን አፈሙዙን ነው።»

ሴትዮዋ ይህን የተናገሩት ሳይቆጡ፣ ክሩን ከእጅጌው ላይ እየመዘዙ ነበር። ቁጣ ቢኖርበት ለባልየው በቀለላቸው ነበር።

ወጣቱ ከአጎቱ ፊት ዝቅ ብሎ ቁጢጥ አለ። የግራ ዓይናቸው ከዳር ጀምሮ እየጠፋ መሆኑን፣ የቀኙም ወረፋውን እንደሚጠብቅ፣ መድኃኒትም እንዳለው እየተረጋጋ አስረዳቸው። ከዚያም እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ ቅድም ባለሥልጣኖቹን ሲወቅሱ ከልቤ ሰማሁዎት። የእነሱ ትልቁ ችግር ምን ይመስልዎታል? ጠመንጃ ከበባቸውና እውነት የሚነግራቸው ሰው አጡ። ገበያው ተወደደ የሚላቸው የለም፤ መንገዱ ፈረሰ የሚላቸው የለም። ሁሉም አጎንብሶ ያልፋል፤ እነሱም ተከበርን ይላሉ። እርስዎም በአቅምዎ እንደዚያው ሆኑ። ልብስ የሚመልስ የጠፋው ሥራዎ ስላማረ አይደለም፤ ቤትዎም ጸጥ ያለው ሰላም ስላለ አይደለም።»

ልብስ ሰፊው የሚከራከሩበትን ሁሉ ተቀምተው አንድ ነገር ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ እሱም ከሁሉ የመጀመሪያው ነበር።

«ሌቦቹ ቢመለሱስ?» አሉ። «አንተ አልተደበደብክም። እዚህ መሬት ላይ ተጋድሜ ስጣራ አንድ ሰው አልመጣም።»

«ያን ጊዜ ጎረቤት ያልመጣው ፈርቶ ነው። ዛሬ ቢጣሩ ግን የሚፈራው ሌባውን ብቻ ነው? በጨለማ፣ በደንብ ወደማያይ ባለ ሽጉጥ ቤት ማን ይሮጣል? ሌባውም ቢመጣ በግራዎ በኩል ይመጣል። በሩን ብረት እናስገጥመዋለን፤ ከጎረቤቶቹ ጋርም ቁጭ ብለን በየተራ የምንጠብቅበትን እንመክራለን። ቢያንስ አንዳችን ስንጣራ ሌላው ይደርሳል። ሽጉጡ የገዛልዎት ይህን ነው፤ የዓይንዎን ነገር ለመናገር እኔ፣ እርስዎ ያሳደጉኝ ልጅ፣ መምህር እስኪመጡ ደጅ ላይ ቆሜ ነበር።»

ይህ የመጨረሻው ቃል ከክርክሩ ሁሉ በላይ ገባቸው። ተነሡ። ሽጉጡን አወጡና አፈሙዙን ወደ ባዶው ግድግዳ አዙረው የጥይቱን ካዝና ነቀሉ፤ ውስጡ የቀረ ጥይት አለመኖሩን አረጋገጡ፤ በጨርቅም ጠቀለሉት። በዚያ ቀን ሳይሳሳቱ ሲሠሩ ያየኋቸው ያንን ብቻ ነው። «ውሰድልኝ» ብለው ለወጣቱ ሊሰጡት ሲሉ፣ «ራስዎ ያስረክቡ፤ እኔ በቀኝዎ በኩል እሄዳለሁ» አላቸው። ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ሕክምና ቤቱ ወሰዳቸው።

የግራ ዓይናቸው አልተረፈም። የቀኙ ግን ባለበት እንዲቆይ በየዕለቱ ጠብታ ይደረግለታል። ሐኪሙ ስላለፈው ጊዜ ምንም አላላቸውም፤ ወጣቱ ግን ለእኔ ለብቻዬ፣ ሚስትየዋ ያኔ ስለ ክሩ በተናገሩበት ቀን መጥተው ቢሆን ሁለቱም ዓይኖች ይተርፉ እንደነበር ነገረኝ። እኔም ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። ይህ ዝምታ ከፍርሃት የመጣ አይደለም፤ ከፊተኛው ዝምታ የሚለይ መሆን አለመሆኑን ግን አንባቢ ይፍረድ።

እንግዲህ ትጥቅ የመፍታት ጥቅሙ ምንድን ነው ለሚለኝ፣ ያየሁትን እነግረዋለሁ። ሱቁ ውስጥ ዛሬ ደንበኛ ይጮኻል። ኪሱ ጠመመ፣ ኮሌታው ቆመ ይላል፤ ልብሱም በጠራራ ፀሐይ ይታረማል። ሚስትየዋ በፊት ለፊቱ መኪና ላይ ተቀምጠው በይፋ ይሰፋሉ፤ ባልየው በእጃቸው ለክተው ልኩን ይናገራሉ፣ በካውያም ይተኩሳሉ። ጎረቤቱ ቆሻሻውን እንደገና ደጃቸው ላይ ደፍቶ ነበር፤ ተጣሉ፤ ተጣልተውም ታረቁ፤ ብረቱን በር ሲያስገጥሙ አንዱን ጫፍ የያዘላቸው እሱ ነው። ልብስ ሰፊው ከጠዋት እስከ ማታ የሚቃወማቸው ሰው አላጡም፤ አንድ ነገር ሲያጠፉም በዚያው ቀን ያውቁታል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች አሁንም በጠመንጃ መካከል ያልፋሉ። ስለ እነርሱ የምጽፈው ጥቅም የለኝም።

ከሁሉ የበለጠው ለውጥ ግን የሚስትየዋ ነው። መናገር ጀምረዋል። በእነዚያ ዓመታት የዋጡትን ሁሉ፣ ልብስ እየሰፉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ተራ በተራ ይነግሯቸዋል። ባልየው ካውያቸውን ይዘው በቀረቻቸው ዓይን እያዩአቸው ያዳምጣሉ። ባለፈው ሳልፍ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ነበር፤ ገና አልጨረሱም።