በሬን ስላንኳኳችው ሴትና ስለ ነሐሱ የራስ ቁር

ስም፦ እንዳሻው ተክለሚካኤል
ዕድሜ፦ 61
አድራሻ፦ ኦሪጅናል ኦሮራ ሰፈር፣ ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ
ሥራ፦ ዳውንታውን ዴንቨር የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ
ቀን፦ ኤፕሪል 21፣ 2025
አስተርጓሚ፦ ሩቲ ዳኛቸው

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ከሥራ ስወጣ የጥንት ግሪኮች ለጦርነት ያጠልቁት የነበረውን የራስ ቁር ከነሐስ ቀጥቅጬ እሠራለሁ። ሚስትም ልጅም የለኝም፤ አብሮኝ የሚያመሸው መዶሻዬ ነው። አልጣሽ መኮንን ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ስትሆን፣ ድምፁ ሲሰለቻት ግድግዳውን ከመደብደቧ በቀር ቀርበን አናውቅም።

ሰሞነ ሕማማት ሲገባ መዶሻዬን አስቀመጥኩ። ጌታ በሚስማር የተቸነከረበትን ሳምንት እየቀጠቀጥኩ ማሳለፍ አልወድም። በዚያ ሳምንት ሰላምታም ስለማንሰጣጥ፣ ረቡዕ ጠዋት ደረጃው ላይ «እንደምን አደሩ?» ስትለኝ ዝም ብዬ አለፍኩ። እሷ ጴንጤ ሆና ስላደገች ልማዱን ልብ አላለችውም። የእኔም የመዶሻዬም ድምፅ ሲጠፋባት ታሟል ብላ ሰጋች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሳምንቱ ሳይገባ የጨረስኩትን ቁር ልኩን ለማየት አጠለቅኩት። ከዓይንና ከአፍ በቀር ሁሉን ይሸፍናል፤ ውስጡን ወፍራም ስፖንጅ ስላለበስኩት ጆሮ ይደፍናል። እንዳጠለቅኩት ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አልጣሽ ደጋግማ አንኳኩታ መልስ ስታጣ የአፓርትመንቱን ጥበቃ ጠርታለች። ጥበቃው በቁልፉ ከፍቶ ሲገባ ደንግጬ ብድግ አልኩ። እሱም የጦር ቁር ያጠለቀ ሰው ሲነሣበት ደንግጦ ሽጉጥ መዘዘ። የሚለኝን አልሰማሁም። ቁሩን ላወልቅ እጄን ሳነሣ አልጣሽ ከኋላው መጥታ ክንዱን በሁለት እጇ ያዘችው። አፏ ሲከፈት አየሁ እንጂ ጩኸቷ አልተሰማኝም። ካወለቅኩት በኋላ መጀመሪያ የሰማሁት «ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ኧረ ሪላክስ ያድርጉ!» የሚለውን ነው።

ጥበቃው ጥቃት አድርሳብኛለች ብሎ እንደከሰሳት ሰምቻለሁ። የያዘችው እኔን ለማዳን ነው። ባትይዘው ኖሮ ዛሬ ስለ እኔ ቃል የሚሰጠው ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

መርማሪው ተከሳሿ ምን እንደምትሆነኝ ጠይቀውኛል። ዝምድና የለንም። ብቻዬን ብሞት ማን ያውቃል እያልኩ እፈራ ነበር። እዚህ አገር ስኖር የት ቀረ ብሎ የፈለገኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። እሷን ካሰራችሁብኝ ማን ቀረኝ?

ቃሌ በአማርኛ ተነብቦልኝ የጎደለም የተጨመረም እንደሌለው አረጋግጬ፣ እውነት ስለሆነ ፈርሜበታለሁ።

የምስክር ፊርማ ________
የአስተርጓሚ ፊርማ ________
የመርማሪ ፊርማ ________