ሦስተኛዋ ጥያቄ

ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ በአውቶቡስ ስንሄድ ከፊቴ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪና አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ወሬያቸውን ልሰማ አላሰብኩም፤ ግን የተሳፋሪ ጆሮ መዝጊያ የለውም።

«ምንድነው የምታጠኚው ልጄ?»

«ፖለቲካ ነው አባቴ። ሰው በወገን ተቧድኖ ሲጣላ፣ ምርጫውም ሲያጣላው፣ እንዴት አብሮ እንደሚኖር።»

«ታዲያ ምነው ከፋሽ?»

«የወረዳ ሰዎች ከመጠይቅሽ ሦስተኛዋን ጥያቄ ካልሰረዝሽ ለጥናትሽ ፈቃድ አንሰጥም አሉኝ።»

«ምን ትላለች?»

«‹የተሸነፈው ወገን ያሸነፈውን እንዲያምን ምን ይደረግ?› ትላለች።»

«ሰረዝሻት?»

«አልሰረዝኳትም! በእግሬ ቤት ለቤት ዞሬም ቢሆን እጠይቃለሁ።»

«እንግዲያው ከእኔ ጀምሪ። የጋራችንን የጓሳን ግጦሽ ሣሩ እስኪያድግ ስንዘጋው ጠባቂ እንመርጣለን። እኛ ከማዶ መንደር ሰው እንመርጣለን፤ ማዶዎቹ ደግሞ ከእኛ።»

«ለምን ከራሳችሁ አትመርጡም?»

«የራሴ ሰውማ በጎቼ ሲገቡ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። የማዶው ግን አይምረኝም። ሣሩ እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ነው።»

«ከጠባቂው ጋር ብትጣሉስ?»

«ተጣልተናል እንጂ! አምና በጎቼን ያዘብኝ። ዘንድሮም እሱኑ መረጥኩት።»

«ስምዎን ልተወው አባቴ? እንዳይቸገሩ።»

«ጻፊው! ከነአባቴ ስም ጻፊው።»

ደረቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን የወረዳ ሠራተኛ ባጅ ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።