በስብሰባ የተመረመረው ፍሬን

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ፍሬን ሲበላሽ ስብሰባ ይጠራ ነበር። ጋራዥ ጠፍቶ አይደለም። ጋራዥማ የኔው ነበረች፣ እዚሁ ኮልፌ፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ዝቅ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረች። ግን ስብሰባ ይቀድማል።

ታዲያ ቀበሌያችን አንዲት ፒካፕ ነበረችው። ስኳር ታመጣለች፣ ሰልፈኛ ታደርሳለች። ሾፌሯ ሸምሱ ነው፣ የስልጤ ልጅ፣ ጎረቤቴ። እንቁላል የጫነ ይመስል ነበር የሚነዳው። እና አንድ ቀን መጣና፣ "ወርቁ፣ ይቺ ፔዳል ትወርድብኛለች" አለኝ።

"እንዴት ነው የምትወርደው?"

"እግሬ ሥር ትሰጥማለች። ቀስ እያለች።"

ገባሁና ረገጥኩ። በኃይል ነዋ! እኔ ምን ጊዜም በኃይል ነው የምረግጠው። ድንጋይ። ደገምኩ። ድንጋይ። "ሸምሱ፣ ፍሬንህ ድንጋይ ነው፣ ይልቅ እግርህን ታከም" አልኩት። ሳቅን። ሄደ።

በሳምንቱ ፒካፗ የቀበሌውን በር ይዛ ገባች። ቀስ ብላ ነው የገባችው፣ ሰው አልነካችም፣ ግን በሩ ላይ መፈክር ነበረ፣ መፈክሩ ለሁለት ተሰበረ። አያችሁ፣ በር ብቻ ቢሆን አናጢ ይጠራል። መፈክር ሲሆን አሻጥር ነው። ሸምሱን እዚያው ቀበሌ አሰሩት፣ እና ቅዳሜ ጉዳዩ በስብሰባ ታይቶ ጥፋተኛው ወደ ከፍተኛ ይላካል ተባለ። ከፍተኛ ማለት ከቀበሌ በላይ ያለው ጽሕፈት ቤት ነው። እዚያ የተላከ ሰው... ተዉት እሱን።

ሚስቱ ዘይነባ መጣች። አላለቀሰችም። "ወርቁ፣ ጥፋቱ የመኪናዋ ነው በላቸው" አለችኝ። "እሺ" አልኳት። እሺ ማለት ቀላል ነው። ግን እስቲ አስቡት። ፍሬኑ ደህና ከሆነ አሻጥረኛው ሸምሱ ነው። ፍሬኑ ከተበላሸ ደግሞ፣ ደህና ነው ብዬ የሰደድኩት እኔ ነኝ። ከሁለታችን አንዳችን መሄዳችን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሟል፣ ፒካፗ መሃል ላይ፣ ሸምሱ በሁለት ጥበቃ መካከል። ሊቀመንበሩ፣ "ጓድ ወርቁ፣ እንደ ባለሙያ መርምር" አሉኝ። የፍሬን ዘይቱን ከፍቼ አየሁ፣ ሙሉ ነው። በአራቱም ጎማ ሥር ተንበረከኩ፣ ጠብታ የለም። ቱቦውን በጣቴ አበስኩት፣ ደረቅ። "የሚያፈስ የለም" አልኩ፣ ጸሐፊው ጻፈ። ሊቀመንበሩ ራሳቸው የሾፌሩ ወንበር ላይ ወጡና በዚያ ቦት ጫማቸው ረገጡት። ጧ!

"ድንጋይ ነው!" አሉ። የኔኑ ቃል። ጸሐፊው እሷንም ጻፈ። ሰው አጨበጨበ።

"ስለዚህ፣ ጓዶች፣ ችግሩ የሾፌሩ የንቃት ችግር ነው።"

ታዲያ ሸምሱ፣ "ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ እንዲያ አልረግጥም" አለ።

"እንዴት ነው የምትረግጠው?"

"በቀስታ።"

"ለምን በቀስታ?"

"ከኋላ የጫንኩት ሰው ነዋ! በኃይል ብረግጥ ይፈናገላል።"

ያኔ ነው የገባኝ። በቀስታ! ፍሬን ፖምፓው ውስጥ ጎሚኒ የምትባል ላስቲክ አለች፣ ዘይቱን የምትገፋ። እና ስታረጅ፣ በኃይል ስትረግጧት ተወጥራ ትይዛለች። ለስለስ አድርጋችሁ ስትጫኗት ግን ዘይቱን በጎኗ ወደ ኋላ ታሾልከዋለች። ውጭ ጠብ የሚል ነገር የለም፣ ፔዳሏ ግን ትወርዳለች። ይህን የማያውቅ መካኒክ የለም። እኔም አውቃለሁ። እያወቅኩ ግን አልሞከርኩም።

ልናገር? ዝም ልበል? ዘይነባ ፊት ለፊቴ ቆማለች። አታየኝም፣ ባሏን ነው የምታየው።

"ጓድ ሊቀመንበር" አልኩ፣ "እግርዎን ሳያነሱ ለስለስ አድርገው ጫን ይበሉት፣ እና ንግግርዎን ይቀጥሉ።"

ቀጠሉ። ንግግር ደግሞ ይወዳሉ። ስለ ምርት ዘመቻ ጀመሩ፣ ጉልበታቸው ትንሽ ዝቅ አለ። ስለ ኢምፔሪያሊዝም አመሩ፣ አሁንም ዝቅ አለ። ሰርጎ ገቦች ዘንድ ሲደርሱ ወገባቸውም ወንበሩ ላይ እየተንሸራተተ ነው። እኛ እግራቸውን እናያለን፣ እሳቸው ሕዝቡን ያያሉ። ማንም አልሳቀ። ማን ይስቃል? "ጠላት፣ ጓዶች፣ በየጉድባው..." ሲሉ፣ ቋ! ፔዳሏ ወለሉን ነካች።

ወደ ታች አዩ። "ይህን ፍሬን ደህና ነው ያለው ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ሸምሱ ነግሮኝ ነበር። እንደ እርስዎ በኃይል ረግጬ፣ ድንጋይ ነው አልኩት።"

'እንደ እርስዎ' የምትለዋ እንዴት ከአፌ እንዳመለጠች ዛሬም አላውቅም። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ይጠብቃል። ሊቀመንበሩ ጸሐፊውን አዩት። መዝገቡን አዩት። እኔን አሻጥረኛ ቢሉኝ፣ ቅድም እሳቸውም በሕዝብ ፊት ያንኑ ብለዋል፣ ተጽፏል። አሰቡ።

"ጥፋተኛዋ" አሉ፣ "ጎሚኒዋ ናት።"

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሸምሱን ለቀቁት፣ ዘይነባ እጁን ይዛ ወሰደችው፣ ደህና ዋሉ እንኳ አላለችንም።

እና ሰኞ ፖምፓውን ፈታሁ። አዲስ ጎሚኒ ከየት ይመጣል? ከቆመች መኪና ላይ ደህናዋን አወጣሁ፣ በፍሬን ዘይት አጠብኳት፣ ገጠምኳት። ከቱቦው አየር ስናስወጣ ሸምሱ መኪናዋ ላይ ሆኖ ይረግጣል፣ እኔ ታች ተኝቼ፣ "ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!" እላለሁ።

"በየትኛው እግሬ?" ይላል። "በሚታከመው ነው?"

ስንጨርስ ወጥቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ በቀስታ ተጫንኩት፣ እና እስከ መቶ ቆጠርኩ። አልወረደም። ሸምሱ፣ "እንደገና ቁጠር" አለኝ። እንደገና ቆጠርኩ።

"አሮጌዋንስ ጎሚኒ የት ጣልካት፣ ጋሼ?" ትለኛለህ አንተ ልጅ ደግሞ።

መጣል? ወደ ከፍተኛ ላክናት እንጂ! ጥፋተኛ እንልካለን ተብሎ ደብዳቤው ቀድሞ ወጥቷል፣ ባዶ እጅ እንዴት ይኬዳል? በፖስታ አሸግን፣ ማኅተም መታንበት። እነሱም ፈርመው ተረከቡ።