ድንጋይ ተሸክመን ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሄድን ለታ

በእኛ ጊዜ ሰው ሲያናግሩት ዝም ካለ ተቀይሟል ማለት ነው። ሌላ ፍቺ የለውም። ጎረቤትህን በአጥር በኩል እንደምን አደርክ ብለኸው ዝም ካለህ ሥራህን ትተህ ታስባለህ። ፍየሌ ማሳው ገብታበት ይሆን፣ ለልቅሶው ዘግይቼበት ይሆን እያልክ ታስባለህ፣ ታስባለህ፣ ካጣኸው ሽማግሌ ትልካለህ። እኛ የምናውቀው ይህን ነው። ታዲያ የወረዳው የትምህርት ኃላፊ ዝም ሲለን ምን እንበል? ተቀይሞናል አልን። ሳቁ፣ ሳቁ። ስንዱም ያኔ ስቃብኛለች፤ ይኸው አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ከዋሸሁ ታርመኝ።

*

ነገሩ የሒሳብ መምህር ነገር ነው። ትምህርት ቤታችን እስከ ስምንተኛ ነው፣ እሱን ታውቃላችሁ። የሒሳብ መምህሩ ጥሩ ልጅ ነበር፣ ሚስቱ ያለችው ወደ ሰቆጣ ዙሪያ ነው፣ እና ከመስቀል በኋላ ዝውውር ወጣለትና ሄደ። መርቀን ሸኘነው። ሰው ወደ ሚስቱ ሲሄድ ምን ይባላል? ርዕሰ መምህሩም ተተኪ ይመጣል አለን። ጥቅምት አለቀ፣ ተተኪ የለም። ገብሱ ታጨደ፣ ማሽላው ታጨደ፣ ተተኪ የለም። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ልጆቹ ወጥተው ግንቡ ስር ፀሐይ ይሞቃሉ። ከሩቅ ስታያቸው የታመሙ ይመስላሉ። ሰኔ ላይ ግን ሚኒስትሪ አለ፣ የስምንተኛው ፈተና፤ ፈተናው ደግሞ መምህር አልነበራችሁም ብሎ ሒሳቡን አይተውላቸውም።

ስንዱ የልጅ ልጄ ናት። እናቷ፣ ልጄ ማለት ነው፣ አረብ አገር የሄደች ይህቺ በእንብርክክ ስትሄድ ነው፤ እስከ ዛሬ የምናውቀው ድምፅዋን ነው። ታዲያ አንድ ቀን ማሽላ ስንወቃ፣ ስንዱ አጎንብሳ እየጠረገች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "እማማ፣ ፈተናውን ካላለፍኩ ከእነ ዘነቡ ጋር እሄዳለሁ" አለችኝ። ዘነቡ የክፍሏ ልጅ ናት።

ወዴት አልኳት።

"እናቴ ወዳለችበት ነዋ።"

አላለቀሰች፣ አልተቆጣች። ውኃ ልቅዳ እንደምትል ነው ያለችው። እኔ ጥራጊያውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አንዷን እንዲያው ሸኝቻታለሁ፣ ስንቅ ቋጥሬ፣ ትመለሳለች ብዬ። ሁለተኛዋን አልሸኝም አልኩ። ጮክ ብዬ አይደለም፣ በሆዴ። በማግስቱ አያ ሞላ ቤት ሄድኩና እኔም ወላጅ ነኝ፣ ከእናንተ ጋር ጽሕፈት ቤት እወርዳለሁ አልኩት። አያ ሞላ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው።

*

መጀመሪያ የሄድን ጊዜ አገኘነው። ጎልማሳ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ከወንበሩ ተነሥቶ እጃችንን ጨበጠን። "እናየዋለን እናቴ፣ በሚገባ እናየዋለን" አለኝ፣ እንዲህ ለስለስ አድርጎ። እኛም ደስ ብሎን ተመለስን፣ ለአገሩም ያየዋል ብለን ነገርን። እና ጠበቅን፤ ሲያይልን ጠበቅን።

ሁለተኛ ስንሄድ ጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው አለችን። ከዚያ ወዲያማ እኛን ከበሩ ስታይ፣ ቀና ሳትል፣ "ስ-ብ-ሰ-ባ" ነው። አያ ሞላ ስልክ አለው፣ ይደውላል። ሲደውል ታዲያ ይነሣል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ምን ሆነሃል ተቀመጥ እንጂ አይታይህም ስለው፣ ባለሥልጣን ነው የምጠራው ይለኛል። ባርኔጣውን እንደያዘ ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ያቆማል። አያ ሞላም ባርኔጣውን መልሶ ያደርጋል።

ቢሰድበን እንኳ ደስ ባለን። ለሰደበህ ሰው መልስ አለህ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ መምህሩ እዚሁ መንደራችን ነበረ፤ ይህን ልብ በሉልኝ። የጎረቤቴ ልጅ፣ ምስጋናው፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ፣ ሥራ አጥቶ፣ መጥቶ ከአባቱ ጋር ንብ ያነባል። ስንዱና ጓደኞቿ ሄደው ለመኑትና እሺ፣ መምህር እስኪመጣ እኔ ላስተምራችሁ አላቸው። ርዕሰ መምህሩ ግን ያለ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ሰው ክፍል አላስገባም፣ ነገ እኔ ነኝ የምጠየቀው አለ። እሱም ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ይደውላል፣ ለእሱም አይነሣለትም። እንግዲህ የሚያስፈልገን አንድ ቃል ነው። ያስተምር የሚል ቃል። ምስጋናውም እስከ ጥምቀት ጠበቀ፣ እስከ ነነዌ ጠበቀ፣ በኋላ ለዐቢይ ጾም መግቢያ ወደ ቀን ሥራ እወጣለሁ አለ። ምን ይበል? ወጣት ነው።

*

እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ሰንበቴው ላይ ነገሩ ተነሣ። ያው በኽምጣኛችን ነው የምንጫወተው፣ አማርኛውን ለጽሕፈት ቤት ነው የምናስቀምጠው። አያ ሞላ ድንገት ብርሌውን አስቀመጠና፣ ይህ ሰውዬ ተቀይሞናል አለ።  ከዚያ ሁሉም በየራሱ ያስብ ጀመር። ምን አድርገነው? ማን ምን ተናገረው? ሲፈለግ፣ ሲፈለግ፣ ተገኘ።

ለካ አምና ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ መጥቶ ነበር። የመጣ ቀን ደግሞ ቀብር ነበረብን፣ አገሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰውዬው ሰው ቢፈልግ ሰው አጣ። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ተቀምጦ፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጣ በቅሎውን አዙሮ ተመለሰ። ይህን የነገረችን ከብት ስታግድ ያየችው የአያ ሞላ ልጅ ናት።

ወይ ጉድ አልን። ሰው አገራችን መጥቶ እህል ሳይቀምስ ተመልሷል፤ እኛ ደግሞ ለምን ዝም አለን እንላለን።

ቤት ገብቼ ለስንዱ ብነግራት ሳቀች። "እማማ፣ እሱ እኮ ይህን ረስቶታል። ቢሮ እንዲህ ነው" አለችኝ። ቢሮ እንዲህ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ቢሮ ውስጥ የተቀመጠው ሰው አይደለም ወይ? ጾሙን የተመለሰበትን አገር ይረሳል? አልኳት። እንግዲህ አልተግባባንም።

ከዚያ በምን እንካሰው ተባለ። አንዱ ማር እንውሰድለት አለ። አያ ሞላ ማርማ ነገር ያመጣል፣ ሊገዙኝ መጡ ይላል፣ በድለናል ካልን ወጉ ድንጋይ ነው አለ። እውነቱን ነው። የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ይቆማል፣ የተበደለው ይቅር እስኪል አያወርድም። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። አንዱ ታዲያ ወደ እኔ እያየ ሴትም ድንጋይ ትሸከማለች ወይ አለ። ልጆቻችሁን ስሸከም ያልከለከላችሁኝ ድንጋይ ስሸከም ነው አልኩት። 

*

የሄድን ለታ ድንጋዩን ከአገር አልያዝንም፣ ለምን እንድከም። ጽሕፈት ቤቱ አጥር ስር ከግንብ የተረፈ ድንጋይ ተከምሮ ነበር። እየመረጥን አነሣን። አያ ሞላ ትልቅ አነሣ፣ ኩራት አለበት። እኔ አንገቴን ስለማውቀው ጠፍጣፋ መረጥኩ፣ የወፍጮ መጅ የመሰለ። እና ነጠላችንን አደግድገን፣ ድንጋያችንን ማጅራታችን ላይ አድርገን፣ ገብተን ከበሩ ፊት ለፊት ተሰልፈን ቆምን።

ዘበኛው እየሮጠ መጣ። ምንድን ነው፣ ምን ሆናችሁ? ኃላፊውን በድለናቸው ይቅርታ ልንጠይቅ ነው አልነው። ይህ ዘበኛ ሁልጊዜ የሚያመናጭቀን ነው። ግን የገጠር ሰው ነው፣ ወጉን ያውቃል። ዱላውን ግንቡ ላይ አስደገፈና ቆቡን አውልቆ አብሮን ቆመ። ጉዳይ ሊያስፈጽም አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ሰውም ተነሣ። ድንጋይ የተሸከመ ሽማግሌ እያየ ማን ይቀመጣል? ምን አድርገውት ነው፣ ምን አድርገውት ነው እየተባባለ ግቢው ሞላ። ጸሐፊዋ ወጣች። "ስብ..." አለች፣ አየችን፣ አልጨረሰችውም። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ተመልሳ ገባች። ከውስጥ ድምፁ ይሰማናል።

"ምን አድርገውኝ?" ይላል እሱ።

"እሱንማ አልነገሩኝም" ትላለች እሷ።

እና ወጣ። ሕዝቡን አየ፣ እኛን አየ፣ የሚይዘው ጠፋው።

"ምን ሆናችሁ ነው አባቶቼ?"

"በድለንዎታል፤ ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉን" አለ አያ ሞላ። አምና አገራችን መጥተው ያለ እህል ውኃ መመለሳቸውን፣ ቀብር ላይ እንደነበርን፣ ሌላም የማናውቀው በደል ካለ እንዲነግሩን፣ ሁሉንም ተናገረ። ድንጋዩ ከብዶት ላቡ ይወርዳል።

ሰውዬው አፉን ያዘ። "እኔ እኮ ረስቼዋለሁ" አለ።

ስንዱ፣ ያኔ ትዝ አልሽኝ።

ከኋላችን አንድ ሽማግሌ፣ ከሌላ ቀበሌ ለራሱ ጉዳይ የመጣ ነው፣ አናውቀውም፣ ይቅር በላቸው እንጂ፣ አንገታቸው ሊቀነጠስ ነው አለ። ኃላፊውም አልተቀየምኳችሁም፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አውርዱት፣ አውርዱት አለ። አያ ሞላ ሊያወርድ ጎንበስ አለ። ሌሎቹም ጎንበስ አሉ። እኔ አላወረድኩም። አልተቀየመማ! ታዲያ ያ ሁሉ ጊዜ ምንድን ነበር?

"ካልተቀየሙን ለምን ዝም አሉን?" አልኩት።

 አያ ሞላም እንደጎነበሰ ቀረ። ሰውዬው ቀረበኝ፣ እጁን ከድንጋዩ ስር አስገብቶ ክብደቱን ያዘልኝ፣ እና ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "የምሰጣችሁ መምህር የለኝም እናቴ" አለኝ። "ይላክልኝ ብዬ ጠይቄ እኔም እየጠበቅሁ ነበር። እያያችሁኝ የለም ማለት አፈርኩ።"

እኔ ለእሱ ብቻ አልመለስኩም። ሁሉም እንዲሰማ ነው የመለስኩት፤

"የለም ማለትም እኮ መልስ ነው። መጀመሪያ የመጣን ለታ የለም ቢሉን ኖሮ እኛ እንፈልግ ነበር። አሁንም የተማረ ልጅ መንደራችን አለን። ያስተምር ይበሉና ድንጋዬን ላውርድ።"

"ያስተምር" አለ።

"ለርዕሰ መምህሩ ይንገሩልን፣ እንደቆምን።"

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ያ ስንጠራው የከረምነው ስልክ ይኸው ነው። ደወለ። ርዕሰ መምህሩ ወዲያው አነሣለት፣ ምን ያድርግ፣ አለቃው ነው። አያ ሞላን ባየው ድንጋዩን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ባርኔጣውን አውልቋል።

ሲጨርስ፣ ኃላፊው ራሱ ድንጋዬን አንሥቶ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠው። እናንተም ይቅር በሉኝ አለ። ይቅር ለእግዚአብሔር አልነው። ከልባችን ነው። ስንወጣ ዘበኛው ቆቡን አድርጎ ወደ ዘበኝነቱ ተመልሷል። እማማ ድንጋይዎን ወደ ቦታው ይመልሱ እንጂ አለኝ። ይቀመጥልኝ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ስመጣ ድንጋይ ፍለጋ አልንከራተትም አልኩት።

*

ቤቴ አልገባሁም፣ በቀጥታ ምስጋናው ዘንድ ሄድኩ። እናቱ ስንቁን ቋጥራለታለች። ፍታው አልኩት፣ ፈታው። ቅዳሜም ጭምር አስተማራቸው። እኛ ደግሞ በደቦ ወጥተን የአባቱን ማሳ አረስንለት።

ስንዱ አለፈች። አሁን ከተማ ተከራይታ ዘጠነኛ ትማራለች፣ ለበዓል ነው የመጣች። ያላለፉም አሉ። ከጥቅምት ጀምሮ ቢሆን ያልፉ ነበር እላለሁ እኔ፤ ግማሽ ዓመት ፀሐይ ሲሞቁ ከርመው ምን ይሁኑ? ዘነቡ አላለፈችም። ክረምቱ ሳይወጣ ሄደች። እናቷን ቤተ ክርስቲያን ሳገኛት ዓይኗን አላየውም። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፣ አፈረ እንጂ። ግን እሱ ሲያፍር የሄደችው ዘነቡ ናት። እኔ ይህን ነው የምፈርደው፣ ሌላ ፍርድ የለኝም።

ስንዱ፣ ምን ያስቅሻል?

"እማማ፣ ድንጋይሽ እኮ አለ።"

የት?

"ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ ነው የማልፈው። ነፋስ በሩን እየዘጋ ሲያስቸግራቸው በእሱ አስደግፈውታል። አሁን ሁልጊዜ ክፍት ነው።"

ተዪ እንግዲህ! ክፍት ነው? ወንበሩ ላይስ ሰው አለበት?

"አንዳንድ ቀን።"

(ሁሉም ሳቁ፤ ከሁሉም ይልቅ እሳቸው።)