በማህጁብ ብሎግ ላይ የቀረው ሻማ

ቃል ሰጪ፦ ቶሌራ ዋቅሹማ
ዕድሜ፦ 26
የትውልድ ቦታ፦ ባምባሲ
አድራሻ፦ አሶሳ ከተማ፣ ገበያ አካባቢ
ሥራ፦ የኮምፒዩተር ጽሑፍና የኢንተርኔት አገልግሎት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት

እኔ ቃል ሰጪው፣ አቶ ረጀብ «የወንድሜን ሚስት በሐሰት መርዶ ገደለ» ሲሉ ባቀረቡብኝ አቤቱታ ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬአለሁ።

ሰኞ መስከረም 21 ቀን 2005 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ የሟች የወይዘሮ ማሪያም ልጅ ኢቲዳል ወደ ሱቄ መጣች። ወንድሟ ማህጁብ ለንግድ ወደ ሱዳን፣ ደማዚን እንደሄደ፣ በ2003 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ እዚያ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። «ስልኩ አይሠራም። እናቴ በየቀኑ ይጠይቃል። ኢንተርኔት ላይ አውጣልኝ፣ ያየው ሰው ይደውላል» አለችኝ፣ ሴትንም እንደ ወንድ በሚጠራው በአካባቢያችን አማርኛ። ብሎግ የሚባል የኢንተርኔት ገጽ በነፃ እንደሚከፈት ነግሬያት፣ እሠራልሻለሁ አልኳት።

ብሎግ ከባዶ ማቆም ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ መብራትና ኔትወርክ ደግሞ አብረው የሚገኙት አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ቀደም ሲል ለወይዘሮ ሸዋነሽ፣ ለሟች ባለቤታቸው መታሰቢያ እንዲሆን የሠራሁትን ብሎግ ገልብጬ ተጠቀምኩ። በአናቱ የሻማ ሥዕልና «ሁሌም እናስታውስሃለን» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ካጠፋሁት ቅርጹ ይፈርስብኛል ብዬ አልነካሁትም፤ የማህጁብ ስም ያለበት አረንጓዴ ሥዕል በላዩ ደርቤ ሸፈንኩት። ሁልጊዜ የምሠራው እንዲህ ነው።

ኢቲዳል አጠገቤ ተቀምጣ ፎቶውን ሦስት ጊዜ አስቀየረችኝ፤ በመጨረሻ የሚስቅበትን መረጠች። ከፎቶው ሥር «ይፈለጋል» ብዬ በትልቁ ጽፌ ነበር። «ወንድሜ ሌባ ነው እንዴ? አጥፋው» አለች። አጠፋሁትና «ያለበትን የምታውቁ እባካችሁ ደውሉልን» የሚለውን በቀኝ ጠርዝ አደረግሁ። እሷ ስልክ ስለሌላት የእኔን ቁጥር ከፎቶው ሥር ጻፍኩ። በኮምፒዩተር ስናየው ያምር ነበር። ደስ አላት፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

በሞባይል ምን እንደሚመስል ግን አላየሁም። የእኔ ስልክ ኢንተርኔት አይከፍትም። በሞባይል ሲከፈት የደረብኩትን ሥዕል ጥሎ የድሮውን አናት እንደሚያወጣ፣ የቀኝ ጠርዙንም ጨርሶ እንደሚተው አላወቅሁም። የሚታየው ሻማው፣ «ሁሌም እናስታውስሃለን»፣ የማህጁብ ፎቶና የስልክ ቁጥር ብቻ ነበር።

ሐሙስ ኅዳር 6 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከድንበሯ ከተማ ከኩርሙክ የመጣ ነጋዴ ይህን በስልኩ አይቶ፣ አማርኛውን በሰው አስነብቦ፣ ስኳር ይዞ ለቅሶ ሊደርስ ወይዘሮ ማሪያም ቤት ገባ። ሐሰት ነው ልትል የምትችለው ኢቲዳል ሥራ ላይ ነበረች። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ለሟች የሚባለው ፋቲሃ ተቀራ። ወይዘሮ ማሪያም የደም ግፊት ነበረባቸው። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሲወስዷቸው መንገድ ላይ አረፉ። ይህን በዓይኔ አላየሁም፤ የነገረችኝ ኢቲዳል ናት።

በማግስቱ ከቀብር መልስ የነጋዴውን ስልክ ይዛ መጥታ ፊቴ አኖረችው። አልጮኸችም። «ይሄ ምንድነው?» አለች። ሻማውን አየሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም። ብሎጉን እዚያው አጠፋሁት።

እሑድ ኅዳር 9 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሱዳን ስልክ ተደወለልኝ። ማህጁብ ነበር። ያለው ሰናር ነው። ገጹን ረቡዕ ዕለት ሰው አሳይቶት፣ የሚደውልበት ስልክ ሲፈልግ ቆይቷል። «እኔ አልሞትኩም። እናቴን አለ በለው፣ እንዳያለቅስ» አለኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁ። ትናንትም ደውሎ «ነገርከው?» ሲለኝ ነግሬያቸዋለሁ፣ ደስ ብሏቸዋል አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ተጠይቄ፣ ፈርቼ ነው ብያለሁ። ወንድሟ በሕይወት እንዳለ ለኢቲዳልም አልነገርኳትም። አሁን ቃሌን ስሰጥ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቷል፤ አላነሳሁም።

ይህ ቃል ተነቦልኝ፣ ከተናገርኩት ያልተጨመረበትና ያልተቀነሰበት እውነተኛ ቃሌ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ቶሌራ ዋቅሹማ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን አዱኛ ሰንበቴ (ፊርማ)

የቃል ተቀባይ ማስታወሻ፦ ከተፈራረምን በኋላ 4፡50 ላይ የቃል ሰጪው ስልክ በድጋሚ ስለጠራ አንስቼአለሁ። ደዋዩ ማህጁብ ነኝ ብሎ እናቱን እንዳገናኘው ጠየቀኝ። ማረፋቸውን ነግሬዋለሁ። መስመሩን ስላልዘጋ፣ እህቱ ኢቲዳል ተጠርታ እስክትመጣ ስልኩ ክፍት ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።